«የቫይረሱ ጥርስ» ምን ያህል ይነክሳል?

በ2014 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ፒተር ፔዱትሲና ባልደረቦቹ «የቫይረሱ ጥርስ» ብለው የሰየሙትን አጭር ጥናት አሳተሙ። ነገሩ በኬንያ ስለሚገኘው ስለ ናኩሩ ሐይቅ ነው። ጽሑፉ በሴሚናራችን በተነበበ ጊዜ ሁሉም አጨበጨበለት፤ እኛም አጨብጭበናል። ወደ ቤታችን ገብተን ደግመን ስናነበው ግን ጭብጨባችን ጥቂት የቸኮለ መሰለን።

ናኩሩ ውሃው ለእጅ እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ የሶዳ ሐይቅ ነው። እንዲህ ባለው ውሃ መኖር የሚችል ፍጡር ጥቂት ስለሆነ፣ ለኑሮው የተመቸው አንዱ ብቻውን ሐይቁን ይሞላዋል። እርሱም አርትሮስፓይራ የተባለው እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ ሳይኖባክቴሪያ ነው፤ በገበያ ስፓይሩሊና እየተባለ የሚሸጠው ዘመዱ ነው። ትንሹ ፍላሚንጎ ምንቃሩን ገልብጦ ውሃውን እያጣራ ይህንኑ ይመገባል። እንግዲህ ከፀሐይ እስከ ወፉ ድረስ ያለው መንገድ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ግን አርትሮስፓይራው በድንገት ይጠፋል፤ ወፉም የሚበላው ያጣል። ማን አጠፋው?

ደራሲዎቹ ሳይኖፋጅ ነው ይላሉ። ሳይኖፋጅ ሳይኖባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ ከሕዋሱ ላይ ተጣብቆ የዘር መልእክቱን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ በባለቤቱ መሣሪያ ብዙ መሰሎቹን ያሠራል፣ በመጨረሻም ሕዋሱን አፈንድቶ ይወጣል። በነዚህ ሐይቆች በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ እስከ 7 ቢሊዮን የሚደርስ የቫይረስ ቅንጣት ተቆጥሯል፤ በተፈጥሮ ውሃ ከተመዘገቡት ቍጥሮች ሁሉ ከከፍተኞቹ አንዱ ነው። የተበከሉትን ሕዋሶችም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተዋል። የብክለቱ መበርታት፣ የአርትሮስፓይራው መውደቅና የወፎቹ መቀነስ በጊዜ ስለ ገጠሙ፣ ሦስቱን በአንድ ገመድ አሰሯቸው።

ድፍረቱን እናደንቃለን። በ1963 ሳፈርማንና ሞሪስ በኢንዲያና ከሚገኝ የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ ኤል.ፒ.ፒ.-1 የተባለውን ፋጅ ካገኙ ወዲህ፣ አብዛኛው ሥራ በላቦራቶሪ ጠርሙስ ወይም በውቅያኖስ ደቃቅ ሕዋሶች ላይ የተደረገ ነው። ከቫይረስ ተነሥቶ እስከ ወፍ ክንፍ ድረስ የሄደ ጥናት ብዙ አናውቅም።

ስለ 7 ቢሊዮኑ አንድ ነገር እንበል፤ በሴሚናሩ አራት ጊዜ ሲጠቀስ ሰምተናልና። ይህ ቍጥር የቫይረስ ሁሉ ቍጥር ነው እንጂ የአርትሮስፓይራ ጠላቶች ቍጥር አይደለም። በሶዳ ሐይቅ ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎችም እጅግ ብዙ ናቸው፤ እነርሱም የየራሳቸው ፋጅ አላቸው። የሚነክሰውን ጥርስ የሚያሳየን የተበከሉት ሕዋሶች መጠን ነው፤ መጠቀስ የሚገባውም እርሱ ነበር።

ዋናው ክርክራችን ግን በምክንያቱ ላይ ነው። የናኩሩ ውሃ ከፍና ዝቅ ሲል ጨዋማነቱም አብሮ ይለወጣል። በ1974 አርትሮስፓይራው ከዚሁ ሐይቅ ሲጠፋ ፋሬሺ መዝግቦታል፤ ያን ጊዜ ቫይረስ የጠረጠረ አልነበረም። ሁለት ነገሮች በአንድ ወር ስለ ተገናኙ አንዱ የሌላው አባት ነው አይባልም። እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፋጁ የመጣው አልጌው ከደከመ በኋላ ነው» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ፈለጉ። በዚህ አንስማማም። ፋጅ እንደ ጥንብ አንሣ በድን አይጠብቅም፤ የሚሠራለት ሕያው ሕዋስ ያሻዋል። በ2003 እንደ ታወቀውም፣ የሲኔኮኮከስ ፋጅ ለፎቶሲንተሲስ የሚያገለግል ጂን ራሱ ይዞ ይዞራል፤ ባለቤቱ እስኪፈነዳ ድረስ ብርሃን እየተቀበለ ኀይል እንዲያመርትለት ይመስላል። ስለዚህ ደራሲዎቹን የሚጥላቸው የጓደኞቻችን ክርክር አይደለም። የሚያስፈልገው ፋጁን ከሐይቁ ለይቶ ማውጣት፣ ከዚያው ሐይቅ በተገኘ ንጹሕ አርትሮስፓይራ ላይ ማፍሰስ፣ አረንጓዴው ጠርሙስ ሲገረጣ ማየት ነው። ዣኬና ባልደረቦቹ በ2013 አርትሮስፓይራን የሚያጠቃ ፋጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ገልጸዋል፤ ነገሩ የሚቻል መሆኑ ታውቋል ማለት ነው። የተቻለው ሁሉ ግን በናኩሩ ተደርጓል ማለት አይደለም።

ወፉስ? ፍላሚንጎ የጓሮ ዶሮ አይደለም። ምግብ ሲያጣ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ቦጎሪያ ወይም ወደ ሌላ ሐይቅ ይበራል። በአንድ ሐይቅ ዳር የጎደለው ወፍ ሞተ ወይስ ሄደ? የጽሑፉ ርእስ ስለ ወፉ ሕዝብ ይናገራል፤ ማስረጃው የሚናገረው ስለ ሐይቁ እንግዶች ነው።

ይህ የቃል ጨዋታ እንዳይመስል። በናኩሩና በቦጎሪያ ስለሞቱት ፍላሚንጎዎች የከባድ ብረቶችና የሳይኖባክቴሪያ መርዝ ነገር ሲመረመር ቆይቷል፤ ከናኩሩ አጠገብም ፍሳሹ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ትልቅ ከተማ አለ። ጥፋቱን ሁሉ ቫይረስ ከተሸከመው፣ ቆሻሻውን የሚለቀው ሰው እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። እኛም ዘንድ የአብጃታ ውሃ ለመስኖና ለሶዳ ፋብሪካ ሲቀዳ ሐይቁ ሸሽቷል፤ ለዚያ ፋጅ መፈለግ አያሻም። ደራሲዎቹ ይህን ሰበብ ለማንም አልሰጡም፤ ሰጥተው እንደሆነ አድርገው የሚጠቅሷቸው ግን አይጠፉም።

ፈተናውን ለማካሄድ ናኩሩ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። ታሊንግ፣ ዉድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር በ1973 ያሳተሙት ዝነኛ ጥናት የፎቶሲንተሲስን የላይኛ ወሰን የፈለገው ቢሾፍቱ አጠገብ ባሉት በአረንጓዴና በቂሎጤስ ሐይቆች ነው። ከሻላ ጎን ያለው ጭቱም ፍላሚንጎ የሚጎበኘው ትንሽ የእሳተ ገሞራ ጕድጓድ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ከጠርዙ ላይ ቆሞ ወፎቹን ሊቆጥር ይችላል። በየሳምንቱ ናሙና መቅዳት፣ ጨዋማነቱን መለካት፣ ውሃውን አጣርቶ በንጹሕ አርትሮስፓይራ ላይ ማፍሰስ፤ ይህን ለስድስት ወር ያህል መቀጠል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ናሙናው ሳይሞቅ አዲስ አበባ የሚደርስበት የበረዶ ሣጥን ነው።