ንጉሥ የተከሰሰበት ፊልም

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የአገራችን ሰው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ንጉሥ ስለተከሰሰበት ፊልም ነው። ተራ ንጉሥም አይደለም፤ ሂንዱዎች «ቪሽኑ የተባለው አምላክ ሰው ሆኖ የተገለጠበት ነው» ብለው የሚያመልኩት ራማ ነው። ከሳሿ ደግሞ ሚስቱ ሲታ። ክሷንም የምታሰማው ዳኛ ፊት ቆማ ሳይሆን ዳሌዋን እያወዛወዘች፣ በአሮጌ የአሜሪካ ጃዝ ነው።

ፊልሙ «ሲታ ሲንግስ ዘ ብሉዝ» ይባላል፤ ሲታ ብሉዝ ታንጎራጉራለች እንደማለት። አሜሪካዊቷ የካርቱን ሠዓሊ ኒና ፔሊ ከሞላ ጎደል ብቻዋን፣ በቤቷ ኮምፒውተር ሠርታ እ.ኤ.አ. በ2008 ለዕይታ ያቀረበችው የ82 ደቂቃ አኒሜሽን ነው። የህንድ ፊልም እያየን ላደግን ሰዎች ለቅሶው መሀል ድንገት ዘፈን ቢመጣ ብርቅ አይሆንብንም። እዚህ ግን ለሲታ የምትዘፍንላት አኔት ሃንሾ ናት፤ በ1920ዎቹ ሸክላ ያስቀረጸች አሜሪካዊት። ባል የከዳት ሴት ዘፈን የትም አገር አንድ ነው መሰለኝ፣ በሲታ ልክ የተሰፋ ይመስላል።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ራማያና ቫልሚኪ የተባለ ባለቅኔ እንደደረሰው የሚነገር፣ ወደ 24,000 ስንኝ ያለው ጥንታዊ የሳንስክሪት ድርሳን ነው። የአዮድያ አልጋ ወራሽ ራማ በእንጀራ እናቱ ጠንቅ ለ14 ዓመት ጫካ ይሰደዳል፤ ሲታም ትከተለዋለች። ባለ አሥር ራሱ የላንካ ንጉሥ ራቫና ይሰርቃታል። ራማ ሀኑማንንና የዝንጀሮ ሠራዊት አስከትሎ ባሕር ተሻግሮ ራቫናን ይገድላል። እዚህ ላይ ተረት ቢሆን «አፌን በዳቦ አብሱ» ይባል ነበር። ራማ ግን «ሌላ ሰው ቤት ኖረሻል» ይላታል። እሳት ውስጥ ትገባለች፤ እሳቱ አይነካትም። አገራቸው ተመልሰው ዙፋን ላይ ከተቀመጡ በኋላ ከተማው ያማል፤ ራማም ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጫካ ያስጥላታል። መንታ ወልዳ ካሳደገች በኋላ ደግሞ ንጽሕናሽን እንደገና አስመስክሪ ስትባል እናቷን ምድርን ትጠራለች። ምድር ተከፍታ ትወስዳታለች። ሲታ ማለት ትልም ማለት ነው፤ አባቷ ሲያርስ ከትልሙ ውስጥ ነበር ያገኛት።

የፊልሙ ትልቁ ጸጋ ሦስቱ ተራኪዎች ናቸው። የጥላ አሻንጉሊት መልክ የተሰጣቸው ሦስት ህንዳውያን ያለ ጽሑፍ፣ ከልጅነት የሚያስታውሱትን እየተጨዋወቱ ያወጉናል። ዘመኑን አይስማሙበትም፣ ስም ይሳሳታሉ፣ «ሲታ ሀኑማን ሲመጣ ለምን አብራው አልሄደችም? ያ ሁሉ ደም ይቀር አልነበር?» እያሉ ይከራከራሉ። ሥዕሉም አፋቸውን እየተከተለ ይለዋወጣል። የእኛ የአንድምታ መምህራን «አንድም» እያሉ ንባቡን ሲያበራክቱት ለሰማ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ነገር በጥያቄ አይረክስም፤ ይልቅ የሚጠይቀው ሲያጣ ነው የሚሞተው።

ሳቁስ በማን ላይ ነው? በሲታ ላይ አይደለም። መንትዮቹ ልጆች አባታቸውን የሚያወድሱበት መዝሙር አለ፤ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ «ራማ ጻድቅ ነው» ይላል፣ ወርቁ እናታቸውን እንዴት እንደጣላት ይዘረዝራል። በዚህ የማይስቅ የለም፤ ስቆ የማያፍርም የለም። ኒና ማሳቅ ብቻ ሳይሆን ሳቅ ማቆምም ታውቃለች። የእሳቱ ፈተና ጭፈራ ሲመጣ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶ የምትንቀለቀል አንዲት ገላ ብቻ ትቀራለች።

እኔን የያዘኝ ግን ልብስ አጣቢው ነው። በቫልሚኪ ዘንድ የሚያማው የከተማው ሰው ነው፤ ልብስ አጣቢው በኋላ ዘመን ተራኪዎች የመጣ ነው፤ ፊልሙም እሱን ይዟል። ሚስቱን እያባረረ «እኔ እንደ ራማ አይደለሁም» ይላል። በቃ፣ ይችው ናት። ባለ አሥር ራስ ንጉሥ ያሸነፈ ጀግና በአንድ አፍ ተሸነፈ። ይሄንን በሽታ እኛ ስም አውጥተንለታል፤ ይሉኝታ እንለዋለን። ራማ ሚስቱን ሳያምናት ቀርቶ አይደለም። እሳቱ መስክሮላታል፣ እሱም ያውቃል። እያወቀ ነው የጣላት።

የፊልሙ ጉድለትም እዚሁ ላይ ነው። ኒና ከሲታ ታሪክ ጎን የራሷን ታስኬዳለች። ባሏ ህንድ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ተከተለችው፤ ለሥራ ኒውዮርክ ብቅ ባለችበት እንዳትመለስ ኢሜይል ላከላት። ያሳዝናል። ግን ያንን ባል ማን አስገደደው? ዙፋን የለው፣ የሚያማው ከተማ የለው፤ ስለሰለቻት ተዋት። የቫልሚኪ ራማ ግን ሲታን ከጣለ በኋላ ሌላ ሳያገባ፣ ለመሥዋዕቱ ሥርዓት የወርቅ ምስሏን አሠርቶ ከጎኑ ያቆመ ሰው ነው። ወዶ መክዳት ከጠልቶ መክዳት ይከብዳል። ሁለቱን ባሎች በአንድ ሚዛን ስታስቀምጥ ራማ ቀለለ፤ ራማ ሲቀልም የሲታ መከራ አብሮ ቀለለ።

አንዳንድ የሂንዱ ማኅበራት «አማልክቶቻችን ተቀለደባቸው» ብለው ፊልሙን ተቃውመዋል። የአማኝ ቅሬታ አይናቅም። ግን ራማያና መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል? ቻንድራባቲ የተባለች የቤንጋል ባለቅኔ በ16ኛው መቶ ዘመን ታሪኩን በሲታ ወገን ቆማ ተርካዋለች። ሊቁ ኤ. ኬ. ራማኑጃን ይሄንን ብዛት ያሳየበትን ድርሰት የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ከትምህርቱ ሲያወጣው የከሰረው ተማሪው ነው። የሚገርመው፣ ኒናን ገንዘብ ያስከፈላት ድርሳኑ ሳይሆን ዘፈኖቹ ናቸው። ለቅጂ መብታቸው 50,000 ዶላር ተስማምታ፣ ፊልሙን ግን በ2009 ማንም በነፃ እንዲያየውና እንዲያባዛው ለቀቀችው።

እንግዲህ ብታገኙት ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ሆናችሁ እዩት። ሲያልቅ ስለ ሀኑማን አትከራከሩ፤ ሦስቱም ተራኪዎች አልጨረሱትም። ይልቅ እያወቅን፣ እያመንን፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብለን ብቻ ከቤታችን ያስወጣነው ማን እንደሆነ ተጠያየቁ። ልጁን ያረገዘችበትን ቤት ያስወጣ አባት፣ እጮኛውን በወሬ የተወ ጎልማሳ በየሰፈሩ አለ። እነሱን ለመክሰስ ዙፋን መናድ አያስፈልግም።