የተቆረጠ ዘፈንና የተሠራ ጥሪ

ሙዚቃ በአገራችን ለሕዝብ ከሚቀርብባቸው መድረኮች ዋና ዋናዎቹ የትኞቹ ናቸው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ቴአትር ቤቱ፣ ሬዲዮኑ፣ የሠርጉ ዳስና የአዝማሪ ቤቱ ይቆጠራሉ። የተንቀሳቃሽ ስልክን ጥሪ ከእነዚህ ተርታ የሚያሰልፈው ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በአውቶቡስ ውስጥ፣ በገበያ፣ በመሥሪያ ቤት ወረፋ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ አድማጩ ሳይመርጠውና ሳይዘጋጅበት ጆሮው ድረስ የሚዘልቀው ሙዚቃ ከሰው ኪስ የሚወጣው ነው። በብዙኃኑ ጆሮ ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ነገር፣ ዕድሜው ከግማሽ ደቂቃ ብዙም ስለማያልፍ ብቻ ከኪነ ጥበብ ሒስ ሊያመልጥ አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። ደዋዩ መልስ እስኪያገኝ ድረስ በራሱ ጆሮ የሚሰማው፣ ከቴሌ በክፍያ የሚገኘው «የጥሪ ማሳመሪያ» አንድ ነው። ተደዋዩ በገዛ ስልኩ ላይ የሚጭነውና በአካባቢው ያለ ሁሉ የሚሰማው የጥሪ ድምፅ ደግሞ ሌላ ነው። የፊተኛው የሁለት ሰዎች ጉዳይ ስለሆነ ለጊዜው እንለፈው፤ አደባባይ የሚወጣው የኋለኛው ነው።

የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ በ1991 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የዘመኑ ስልኮች የጥሪ ዜማቸውን የሚያሰሙት አንድ በአንድ በሚከታተል ነጠላ ድምፅ ነበር። እንደ ኖኪያ 3210 እና 3310 ባሉት ስልኮች ውስጥ ግን ባለቤቱ የራሱን ዜማ የሚጽፍበት ክፍል ነበረ። ከ1 እስከ 7 ያሉት ቁልፎች ከዶ እስከ ሲ ያሉትን ድምፆች ይሰጣሉ፤ በቀሩት ቁልፎች ድምፁ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ዕረፍት ይገባበታል። ሥራው አድካሚ፣ ውጤቱም ጢንዚዛ የሚጮኽ የሚመስል ነበር። ቢሆንም አንድ የሚያውቀውን ዘፈን በዚህ መንገድ ለማስገባት የተነሣ ሰው፣ ከየትኛው ድምፅ ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ፣ የቱ እንደሚረዝምና የቱ እንደሚያጥር ራሱን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ኖታ ተምሮ የማያውቀው ሁሉ ለአንድ ምሽትም ቢሆን ከአድማጭነት ወደ ሠሪነት ይሻገር ነበር። መሣሪያው ያወቀው በፒያኖ ልክ የተከፈሉትን አሥራ ሁለት ድምፆች ብቻ ስለሆነ፣ አንቺ ሆዬን ወይም አምባሰልን በውስጡ ለማስገባት የሞከረ ሰው የባህሉ ቅኝት ከፒያኖው ቅኝት ጋር እንደማይገጥም በጆሮው ያገኘዋል። ማሲንቆው ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚንሸራተትበት መንገድም በቁልፍ አይጻፍም። ይህን የመሰለ ትምህርት በሙዚቃ ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ መምህራን ያውቁታል።

ዛሬ ያ ሁሉ ቀርቷል። ስልኩ የተቀዳውን ዘፈን እንዳለ ስለሚያሰማ፣ ባለቤቱ ከፋይሉ ላይ መነሻና መድረሻ መርጦ ይቆርጣል፣ ወይም በከተማው ከሚገኙት ሙዚቃ ጫኚ ሱቆች በአንዱ ያስጭናል። በአይፎን ላይ በጋራዥባንድ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ከ30 ሰከንድ የሚያልፈውን ፕሮግራሙ ራሱ ያሳጥርለታል። የድምፁ ጥራት አድጓል፤ ያ የማይካድ ነው። የሠሪው ድርሻ ግን ወደ መቀስ ወርዷል።

መቁረጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት የስልክ ጥሪዎች አንዱ የሆነው የኖኪያ ዜማ ራሱ ቁራጭ ነው። የስፔኑ የጊታር ሊቅ ፍራንሲስኮ ታሬጋ «ግራን ቫልስ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰው ሥራ ውስጥ አራት ሜዠር ተወስዶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የኩባንያው ስልኮች መለያ ሆነ። የተቆረጠበት ቦታ ግን በዕውቀት የተመረጠ ነው። አንድ ዓይነት ቅርፅ ያላቸው ባለ አራት ድምፅ ሦስት ሐረጎች ደረጃ በደረጃ ይወርዱና በአሥራ ሦስተኛው ድምፅ ላይ ያርፋሉ። ከፊቱ የነበረውንም ሆነ ከኋላው የሚመጣውን ያልሰማ ሰው ምንም አይጎድልበትም፤ ገና ሁለተኛው ሐረግ ላይ ስልኩ ቢነሣም የተሰበረ ነገር ያለ አይመስልም።

ይህንኑ መመዘኛ ይዘን ወደ እኛ ዘፈን ስንመጣ ችግሩ ጎልቶ ይታያል። የአማርኛ ዘፈን ከዜማው እኩል በግጥሙ የቆመ ነው። የግጥሙም ጉልበት የሚገኘው ስንኙ ቤት ሲመታ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ያንጠለጥላል፤ ሁለተኛው ይፈታል። ቅኔ የለመደ ጆሮ ሰሙን ተቀብሎ ወርቁን ይጠብቃል። በስልክ ጥሪ ላይ ግን ባለቤቱ ኪሱን ዳብሶ ስልኩን የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ከመመታቱ በፊት ነው። በቀን አሥር ጊዜ ሰሙን ብቻ እየሰማ ወርቁ ላይ የማይደርስ ጆሮ ውሎ አድሮ መጠበቁን ይተዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደ ትልቅ ጉዳት የሚቆጥረው ይህን ነው። ትዝታ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ትዝታ ሳይቸኩል ይጀምራል፤ መሣሪያው ቅኝቱን አስቀምጦ ድምፃዊው እስኪገባ ድረስ ጥሪው ያልቃል። ይህን ለማምለጥ ብለው ከመካከሉ፣ ድምፃዊው እጅግ ከፍ ካለበት ቦታ የሚቆርጡ አሉ። የዚያ ውጤት ያለ ምክንያት በአውቶቡስ መካከል የሚጮኽ ሰው ነው።

የመሣሪያውም ምርጫ ያለ ሐሳብ የሚደረግ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ አጥርቶ ማውጣት አይችልም። ዋሽንት በዚህ ጠባብ በር ያለ ጉዳት ያልፋል፤ ማሲንቆና ክራርም ብዙ አይጎዱም። በገና ግን አሥር አውታሮቹ የሚሰጡት ጥልቅ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ይቀርና በእንዚራው ምክንያት የሚመጣው ንዝረት ብቻ ይሰማል። ለጸሎትና ለተመስጦ የተሠራውን ይህን መሣሪያ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም፣ ለጥሪ የሚጭኑት ሰዎች አሳባቸው በጎ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በአውራ ጣት የሚቋረጥ በገና ምን ዓይነት ተመስጦ እንደሚሰጥ ሊጠየቅ ይገባል።

«መሣሪያው ካጠረ ሙዚቃው ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል። ሙዚቃችን በአጭር መሣሪያ ሲፈተን ግን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተም ሥራውን ሲጀምር፣ የዘመኑ ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነበር። አዝማሪው ሌሊቱን ሙሉ የሚያዘግመው ዜማ በዚያ ውስጥ እንዳለ አይገባም። ስለዚህ አቀናባሪዎች መግቢያውን አሳጠሩ፣ የነፋስ መሣሪያዎቹን መልስ በቦታ በቦታው መጠኑ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ዘፈኑን በሁለት ገጽ ከፈሉት። በዚያ ዘመን የወጡት ሥራዎች ዛሬም የሚደመጡት ለመሣሪያው ልክ ታስበው ስለተሠሩ ነው። ለስልክ ጥሪ ይህን ሥራ የሠራለት አቀናባሪ ግን እምብዛም አይታይም።

የሚያስገርመው፣ ለጥሪ የተሠራ ሙዚቃ በባህላችን ውስጥ እያለ ወደ እርሱ አለመሄዳችን ነው። ነጋሪት አዋጅ ለመንገር ይጎሰማል፤ መለከት ይነፋል፤ በየሰፈሩ የዕድር ጥሩንባ ማን እንደተጠራና ለምን እንደተጠራ በአንድ እስትንፋስ ያስታውቃል። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው እምቢልታ ነው። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ነፊ የሚያወጣው ድምፅ ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጥም። ሦስት ነፊዎች በየተራ እየተቀባበሉ ሲነፉ ግን ከየግል ድምፃቸው ዜማ ይወጣል። አጭር ነው፤ ይደጋገማል፤ በየትኛውም ቦታ ቢቋረጥ አይሰበርም፤ ከሩቅ ይለያል። ለስልክ ጥሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም። ግጥም የለውምና የሚጎድል ቤት የለም፤ ለአደባባይ የተሠራ ስለሆነም አደባባይ መውጣቱ አያዋርደውም።

የመብቱም ጉዳይ በዚሁ ይያያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለግል መጠቀሚያ የሚደረገውን ቅጂ በገደብ ይፈቅዳል፤ ገንዘብ እየተቀበሉ የሰው ሥራ ማባዛት ግን ሌላ ነገር ነው። አዋጁ ሥራው ክብሩን በሚነካ አኳኋን ተቆርጦ ወይም ተለውጦ ሲገኝ ደራሲው የመቃወም መብት እንዳለውም ይደነግጋል። ሱቁ ቆርጦ በሚጭነው ዘፈን ላይ ይህን መብት አንሥቶ የሚሟገት ድምፃዊ ማግኘት ይቸግራል፤ ወጪው ከሚያገኘው ይበልጣልና። አቀናባሪው ራሱ ለጥሪ ብሎ የሠራው አጭር ሥራ ግን ከመነሻው ባለቤት አለው፤ ዋጋም ሊወጣለት ይችላል።

ይህ ሥራ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የእምቢልታ ነፊዎች አሉ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የባህል መሣሪያ የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ መቅጃውም ያው ስልኩ ነው። የሦስት እምቢልታ ቅብብል በትንሹ ድምፅ ማጉያ ውስጥ አልፎ በገበያ መካከል እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ ሦስት ነፊዎች፣ አንድ ስልክና የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ይበቃል።