ከሎጉ በፊት ፓኬቱን

ክላየንቱና ሰርቨሩ አልግባባ ሲሉ የጻፏቸው ሰዎችም መካሰስ ይጀምራሉ። አንዱ «ልኬያለሁ» ይላል፤ ሌላው «አልደረሰኝም»። ሎጉም ለየባለቤቱ ይመሰክራል፤ «ተልኳል» የሚለው መስመር መረጃውን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተረከበ ማለት እንጂ ሰርቨሩ ጋ ደረሰ ማለት አይደለም። ስለዚህ ኮድ ከመነካቱ በፊት ትራፊኩን በሁለቱም ጫፍ እይዛለሁ፤ ሰርቨሩ ላይ በቲሲፒደምፕ፣ ክላየንቱ ላይ በዋየርሻርክ።

መጀመሪያ የማየው የግንኙነቱን አከፋፈት ነው። ግንኙነት ለመክፈት ለሚላከው የሲን ጥያቄ ወዲያው ሪሴት ከተመለሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ አለ፤ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም። ሲኑ ያለ መልስ ከተደጋገመ ሰርቨሩ ላይ የተያዘውን የትራፊክ ፋይል እከፍታለሁ። እዚያ ከታየና መልስ ከወጣለት የጠፋው መልሱ ነው፤ ካልታየ ጥያቄው ራሱ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የ40 ሚሊሰከንዱ ችግር ነው። ሊኑክስ ላይ ያለ ሰርቨር ባንድ ሚሊሰከንድ ሊመልስ የሚችለው ጥያቄ ከ40 በላይ ይፈጃል። ሲፒዩው አልተጨናነቀም፣ ዳታቤዙ ፈጣን ነው፣ አንድም ፓኬት አልጠፋም። በፓኬቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ ሲያዩት ነገሩ ይገለጣል። ክላየንቱ የመልእክቱን ራስጌ ይልክና ዝም ይላል፤ ከ40 ሚሊሰከንድ በኋላ ከሰርቨሩ ባዶ አክ፣ ማለትም የመድረስ ማረጋገጫ ብቻ ይመጣል፤ ያኔ ዋናው መልእክት ይከተላል።

ጆን ኔግል እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው ስልት፣ ቀድሞ የተላከው መድረሱ ሳይረጋገጥ ሌላ ትንሽ ፓኬት እንዳይወጣ ያግዳል። ሰርቨሩ በበኩሉ ማረጋገጫውን ከመልሱ ጋር ለመላክ ያቆየዋል፤ መልእክቱ ተሟልቶ ሳይደርሰው ግን የሚመልሰው የለውም። ሁለቱም ደንባቸውን አክብረው ይጠባበቃሉ። መፍትሔው ራስጌውንና መልእክቱን አጣምሮ ባንዴ መጻፍ ነው፤ ካልሆነ የሶኬቱን ኖዲሌይ አማራጭ ማብራት።

ይህን የትኛውም ሎግ አይጽፈውም። በግምት ቢኬድ አንዱ ባለሙያ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል፣ ወይም ለማያስፈልግ ሰርቨር ገንዘብ ይወጣል። የሙያው ክብር ያለው ማስረጃ ይዞ በመናገር ላይ ነው። ማስረጃው ግን የሰው የይለፍ ቃልና ምስጢርም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የኔትወርኩን ባለቤት አስፈቅዶ፣ የሚፈለገውን አድራሻና ፖርት ብቻ ለይቶ መያዝ፣ ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን ማጥፋት የምርመራው አካል ነው።