አንድ ክር ሲበጠስ፦ ስለ ጊታር ብሪጅ ምርጫ

ባለፈው የወጣቶች ፕሮግራም ላይ፣ በሁለተኛው መዝሙር አጋማሽ የጊታራችን ሦስተኛ ክር ተበጠሰ። ክር መበጠሱ ብርቅ አይደለም፤ ያስደነገጠን ቀጥሎ የሆነው ነው። የቀሩት አምስት ክሮች በአንድ ጊዜ ከቅኝታቸው ወጡና ከኪቦርዱ ጋር ተጣሉ። ጊታሪስቱ ወንድማችን ድምፁን ዘግቶ ቆመ፤ ጉባኤው በኪቦርድና በጭብጨባ ዘምሮ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ የመዘምራኑ ውይይት በአንድ ቃል ተዘጋ፦ "ብሪጁ ይቀየር!" ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ተገኘ፤ መዋጮም ተጀመረ። አንዱ ወርቃማ ቀለም ያለውን፣ ሌላው ፍሎይድ ሮዝን መረጠ። እኔ ደግሞ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ምርጫችንን ልመዝን ተነሣሁ።

ብሪጅ በክራርና በበገና ላይ እንዳለው በርኩማ ክሩን ተሸክሞ ንዝረቱን ለአካሉ ያስተላልፋል። በኤሌክትሪክ ጊታር ግን ሌላም ሥራ አለው፤ የእያንዳንዱ ክር ርዝመትና ከፍታ የሚስተካከለው በእሱ ነው። ስለዚህ የሚመዘነው በቀለሙ ሳይሆን ይህን ሥራ እንዴት እንደሚወጣ ነው።

የሊዮ ፌንደር ቴሌካስተር የቀድሞ ብሪጅ ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀ፣ የማይነቃነቅ ነው። ጉድለቱ ስድስቱን ክሮች በሦስት ሳድል መሸከሙ ነው፤ ሁለት ክሮች አንድ ሳድል ስለሚጋሩ አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይዛባል። የጊብሰኑ ቲውን ኦ ማቲክ ለእያንዳንዱ ክር የራሱን ሳድል ሰጠ፤ ከፍታው ግን የሚስተካከለው በሁለቱ ጫፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር የእያንዳንዱን ክር ርዝመትም ከፍታም ለየብቻ እንድናስተካክል ፈቀደ፤ በዚያ ላይ ድምፁን የሚያወዛውዝ ዘንግ ጨመረ። "ትሬሞሎ" መባሉ ግን ስህተት ነው። ትሬሞሎ የድምፅ መጉላትና ማነስ ነው፤ ይህ ዘንግ የሚለውጠው የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ነው፤ ትክክለኛ ስሙም ቪብራቶ ነው።

የእኛ ጊታር የዚህ የስትራቶካስተር ቅጂ ነው፤ ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ብሪጁ ተንሳፋፊ ነው። ክሮቹ ወደ ፊት ይጎትቱታል፣ ከጀርባ ያሉት ሞላዎች ወደ ኋላ ይጎትቱታል፤ ቅኝቱ የሚጸናው ሁለቱ ሲመጣጠኑ ነው። አንድ ክር ሲበጠስ ሞላዎቹ ያሸንፋሉ፤ የቀሩት ክሮች ይወጠሩና ድምፃቸው ወደ ላይ ይወጣል። በትዝታና በባቲ ቅኝት ስንጫወት ክሩን በጣት እየገፋን ድምፁን እናስለቅሰዋለን። ተንሳፋፊ ብሪጅ ላይ አንዱን ክር ስትገፋ የሌሎቹ ድምፅ ይወርዳል፤ አብሮ የተያዘው ኖታ ይጎድላል።

ታዲያ ፍሎይድ ሮዝ ያድነናል? ክሩን በሁለቱም ጫፍ ቆልፎ ስለሚይዝ፣ ዘንጉን የቱንም ያህል ብትጫነው ወደ ቅኝቱ በመመለስ ተወዳዳሪ የለውም ማለት ይቻላል። ተንሳፋፊ ሆኖ ከተገጠመ ግን ክር ሲበጠስ ያው ነው። በዚያ ላይ ጊታሩ ይቦረቦራል፤ የተቦረቦረ እንጨት ደግሞ አይመለስም። ክር ለመቀየርም የክሩን እንብርት ቆርጦ በመፍቻ ማሰር ያስፈልጋል፤ ይህ በሁለት መዝሙር መካከል የሚሠራ ሥራ አይደለም። ለዚያው በሽታ የበለጠ ገንዘብ መክፈል ይሆንብናል።

ወርቃማውስ? ምርጫው ከቀለም በፊት ማስመሪያ ይፈልጋል። በቀድሞው የስትራቶካስተር ብሪጅ ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ክር ያለው ስፋት 56 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በብዙ ዘመናዊዎቹ 52.5 ገደማ ነው። ስፋቱ ካልገጠመ የዳር ክሮች ከአንገቱ ጠርዝ ይንሸራተታሉ። ከሥር ያለው ብረትም ይለካ፤ አካሉ ቀጭን በሆነ ጊታር ረጅሙ ከጀርባ ይወጣል። ዘመድ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ያልገጠመ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ በቅድሚያ የጀርባውን ክዳን ከፈትን። ሦስት ሞላ ነበር፤ ሁለት ጨምረን የሚይዛቸውን ብሎን አጠበቅን፤ ብሪጁ አካሉ ላይ ተኛ። ከዚያ አንዱን ክር ሆን ብለን ሙሉ በሙሉ አላላነው። አምስቱ በቅኝታቸው ቆዩ! ዘንጉን ወደ ላይ መሳብ ቀረብን እንጂ ያን ቀን ያሳፈረን ነገር ተወገደ።

ቀጥሎ አሥራ ሁለተኛውን ፍሬት ፈተሽን። እዚያ ቦታ ላይ ክሩን ነካ ብቻ በማድረግ የሚወጣው ድምፅና ተጭነነው የሚወጣው አንድ መሆን አለባቸው። የተጫንነው ከፍ ካለ ሳድሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። አራቱ ተስተካከሉ፤ ሁለቱ ብሎናቸው ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ። ብሪጁን ለመቀየር እውነተኛው ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው፤ ጉባኤው ፊት የሆነው አልነበረም።

ፍርዴ እነሆ፦ ባለ ስድስት ብሎን፣ ክሮቹ መካከል 52.5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ቁመቱ በእኛ ጊታር ልክ የሆነ፣ ሳድሉ ከብረት የተሠራ ብሪጅ ይምጣ፤ እንደ አሁኑም አካሉ ላይ ይተኛ። ብቻውን ለሚለማመድ ተንሳፋፊው መልካም ነው፤ ስህተቱ የእሱ ብቻ ነውና። ጉባኤ የሚያገለግል ጊታር ግን አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹን ይዞ የማይወድቅ ብሪጅ ያሻዋል። ከመዋጮው በሚተርፈው ትርፍ ክር ይገዛ፤ ሦስተኛው ክር እንደገና መበጠሱ አይቀርምና።