ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

የነዳጅ ቱቦውን የሸፈነውን ቀይ የእሳት መከላከያ እጅጌ ወደ ኋላ ስሰበስበው ጣቴ ረጠበ። አሸተትኩት፤ ቤንዚን ነው። ከእጅጌው ውጭ ሁሉም ነገር ደረቅ ነበር፤ ከስር ባነጠፍኩት ነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ አልወደቀችም። ቱቦውን ጎበጥ አድርጌ ባትሪ ሳበራበት፣ ሞተሩ በወጣና በገባ ቁጥር በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጎማው ዝናብ እንዳጣ መሬት ተሰነጣጥቋል። ዕለቱ ዓርብ ነው። የግላይደሩ ባለቤት በማግስቱ ሊበሩበት ተዘጋጅተዋል።

የአውሮፕላን ጥገና የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ቦሌ ነው። እጃችንን ያፍታታነው በትልልቅ ጄቶች ላይ ነበር። በጄት ሞተር ዙሪያ ሙቀት የሚለይ ሽቦ ተዘርግቷል፤ እሳት ሲነሳ ኮክፒት ውስጥ ደወል ይጮኻል፤ አብራሪው እጀታውን ሲስብ ነዳጁ ይቆረጣል፤ ካስፈለገም ማጥፊያው ከጠርሙስ ይለቀቃል። ያም ሁሉ እያለ አስተማሪያችን ሞተር አጠገብ የተረሳ ጨርቅ ባዩ ቁጥር «ሳይቃጠል በቅጠል ልጆቼ!» ይሉን ነበር። ያኔ የሽማግሌ ወግ ይመስለኝ ነበር። አሁን በምሠራባቸው አውሮፕላኖች ላይ ግን ጠርሙሱ የለም። በአንዳንዶቹ የሙቀት ጠቋሚና አንዲት ቀይ መብራት አለች፤ በብዙዎቹ እሷም የለችም። የቀረን ቅጠሉ ብቻ ነው።

የምሠራው ጀርመን፣ ሄሰን ውስጥ፣ ከቫሰርኩፐ ተራራ ብዙም በማይርቅ ትንሽ ወርክሾፕ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል የጀርመኖችን የሞተር በረራ እጅና እግር ሲያስር፣ ወጣቶቹ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ እዚያ ተራራ ላይ እየተሰበሰቡ ያለ ሞተር በመብረር ይወዳደሩ ነበር። በነፋስ ብቻ መብረር ስፖርት ሆኖ ባደገበት ተራራ አጠገብ ተቀምጬ፣ ቀኑን ሙሉ የምውለው ግን ከግላይደሮች ሞተር ጋር ነው።

ባለሞተር ግላይደር ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ሻይበ ፋልከ ያለው ሞተሩ አፍንጫው ላይ ስለሆነ የትኛውም የትንሽ አውሮፕላን መካኒክ ግራ ሳይጋባ ይሠራዋል። ሽቴመ ኤስ10 ሞተሩ ከሁለቱ መቀመጫዎች ጀርባ፣ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ረጅም ዘንግ በሁለቱ ሰዎች መካከል አልፎ አፍንጫው ላይ ያለውን ታጣፊ ፕሮፔለር ያሽከረክራል። እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ወገን ነው። የእነዚህ ሞተር ከአብራሪው ጀርባ ባለ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ሲፈለግ በምሰሶ ላይ ከነፕሮፔለሩ ቀና ብሎ ይወጣል። ከፍታ ሲገኝ ይጠፋል፣ ይታጠፋል፣ የሳጥኑ ክዳኖች ይገጥማሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ንጹሕ ግላይደር ነው።

ስለ ሞተር እሳት ሲወራ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው የሚያጓራ ሞተር ነው። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ የገባኝ ግን ሌላ ነው፤ ተጣጣፊ ሞተር ባለው ግላይደር ላይ ይበልጥ የምፈራው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች ነው። ሞተሩ ሲሠራ ነፋስ ላይ ቆሟል። አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ነፋስ ይበትናታል። ሲጠፋ ግን ማርሚታው ገና የጋለ ነው፤ አብራሪው ደግሞ ይቸኩላል፤ ምክንያቱም ቀጥ ብሎ የቆመ የጠፋ ሞተር አየሩን ስለሚገታ ግላይደሩ ከፍታውን በፍጥነት ይጥላል። የአብራሪው መመሪያ መጽሐፍ ሞተሩ ሳይታጠፍ ነፋስ ላይ ይቀዝቅዝ ሲል፣ አብራሪው በዓይኑ እያየ የሚያጣው ከፍታ አለ። ያንን የለፋበትን ከፍታ ላለማጣት ሁለት ደቂቃ የሚሰርቅ ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን የጋለ ማርሚታ፣ ጋደም ያለ ካርቡራተር፣ የተቆለመመ ቱቦና ቤንዚን ያለበት መስመር አንድ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ክዳን ዘግቶባቸዋል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ሳጥኑ ወለል ይወርዳል። ለዚህ ነው ወለሉ ላይ ማፍሰሻ ቀዳዳ የሚኖረው። ያንን ቀዳዳ በአሮጌ ጨርቅ ብጣሽ ተደፍኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

አብራሪው ደግሞ ወደ ኋላው ማየት አይችልም። ብዙዎቹ ግላይደሮች ላይ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን የምታሳይ ትንሽ መስታወት ኮክፒቱ ላይ ተገጥማለች። ጭስም ቢነሳ የሚያሳየው እሷው ናት፤ ክዳኑ ከተዘጋ ግን እሷም አታይም።

ከነበልባል በፊት የሚመጣ ሌላ ጠላትም አለ። ግላይደሮች የሚሠሩት ከመስታወት ክር ወይም ከካርቦን ክርና ከሬዚን ነው። ነጭ የሚቀቡትም ለውበት አይደለም፤ ፀሐይ እንዳታግላቸው ነው። ለነጭ ግላይደር የአካሉ ጥንካሬ በተለምዶ የሚፈተሸው 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ከዚያ ብዙ ከጋለ ሬዚኑ ሳይቃጠል ገና መለስለስ ይጀምራል። ከሞተሩ ሳጥን በስተኋላ ጅራቱን የሚሸከም አካል፣ ከፊቱ የክንፉ ዋና ምሰሶ እንዳለ ለሚያስብ ሰው፣ ትንሽ የምትመስል እሳት ምን ልታደርግ እንደምትችል ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ደንቡ ልግባ፤ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት እሱ ነውና። በአውሮፓ ግላይደሮችና ባለሞተር ግላይደሮች የሚሠሩበት የዲዛይን ደንብ ሲኤስ-22 ይባላል፤ የሚያወጣው ኮሎኝ የሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ፣ ኢያሳ ነው። ደንቡ ሞተሩ ከቀረው የአውሮፕላን አካል በእሳት ግድግዳ ወይም በተመሳሳይ ነገር ተለይቶ እንዲቀመጥ ያዝዛል። አብራሪው በበረራ ላይ ነዳጁን ፈጥኖ የሚዘጋበት መንገድም ሊኖር ግድ ነው። በአቪዬሽን የተለመደው የእሳት ሙከራ ወደ 1100 ዲግሪ የሚደርስ ነበልባል ነው፤ 15 ደቂቃ የቻለ ዕቃ እሳት የማይበግረው፣ 5 ደቂቃ የቻለ እሳት የሚቋቋም ይባላል። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ስለዚህ በቀላል አውሮፕላኖች ላይ 0.38 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የማይዝግ ብረት ለእሳት ግድግዳነት ያለ ተጨማሪ ሙከራ ተቀባይነት አላት። ያቺን ብረት በካሊፐር በለካኋት ቁጥር እገረማለሁ፤ ከጣት ጥፍር ብዙም አትወፍርም፤ በአንድ ሰውና በነበልባል መካከል ግን ያለችው እሷ ናት።

የምትጠቅመው ግን ካልተበሳች ነው። አንድ ጊዜ ለዓመታዊ ምርመራ በመጣ ግላይደር ላይ የባትሪ ቻርጀር ሽቦ ለማሳለፍ ሰው ግድግዳውን በድሪል በስቶት አገኘሁ። ቀዳዳው አውራ ጣት ያስገባል። ዙሪያውን ለመታጠቢያ ቤት በሚሸጥ ተራ ሲሊኮን ሞልቶታል። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። የሠራው ሰው የብረቷን ምክንያት ቢያውቅ ኖሮ አያደርገውም ነበር። ይህን ያየሁ ዕለት ነው ደንብን ከነምክንያቱ ማስተማር አለብን ብዬ የቆረጥኩት። «አትብሳ» ብቻ የተባለ ሰው አንድ ቀን ይበሳል።

ወደ ዓርቡ ቱቦ ልመለስ። የግላይደሩ ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጠንቃቃና ጨዋ ሰው። ቱቦውን ሳሳያቸው «ባለፈው ሳምንት እኮ ሞተሩ ያለ አንዳች እንከን ነው የሠራው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቱቦው ላይ የታተመውን ዓመት በጣቴ አሳየኋቸው፤ 11 ዓመት ሞልቶታል። የጥገና ፕሮግራማቸውን ስናወጣ ቱቦዎቹ «እንደ ሁኔታቸው» እንደሚቀየሩ ራሳቸው ጽፈው ፈርመዋል።

ይህን ማድረግ ተፈቅዶላቸዋል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የቀላል አውሮፕላኖች ጥገና ደንብ፣ ፓርት-ኤምኤል፣ ባለቤቱ የጥገና ፕሮግራሙን ራሱ እንዲያውጅ መንገድ ከፍቷል። አምራቹ የመከረውን ጊዜ ማለፍ ይችላል። አስገዳጅ የበረራ ብቁነት መመሪያዎችን፣ አምራቹ የደነገጋቸውን የብቁነት ገደቦችና ዝቅተኛውን የምርመራ ፕሮግራም ግን ማለፍ አይችልም። እኔ ይህን ደንብ በጠቅላላው እደግፈዋለሁ። ለመንገደኛ ጄት የተጻፈ ወረቀት በባለ ሁለት መቀመጫ ግላይደር ላይ ሲጫን ያየ መካኒክ ሁሉ ይደግፈዋል፤ ወረቀቱ የገንዘብና የጊዜ ሸክም ሲሆን ሰው ከመካኒክ ይሸሻል፤ ከመካኒክ የሸሸ አውሮፕላን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

ነገር ግን በነዳጅ ቱቦ ላይ አልስማማም። «እንደ ሁኔታው» የሚሠራው ሁኔታው ለሚታይ ነገር ነው። ጎማውን ከእሳት ለመከላከል በእጅጌ ሸፍነነዋል፤ ያው እጅጌ ስንጥቁንም ከዓይን ይሸፍናል። ጎማ ባይበሩበትም ያረጃል፤ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ ሁሉም ዓይነት ጎማ አይስማማውም። የሞተር አምራቹ ሮታክስ በ912 ዓይነት ሞተሮቹ ላይ የጎማ ቱቦዎች በየ5 ዓመቱ እንዲቀየሩ የሚለው ያለ ነገር አይደለም። እነዚያ ቱቦዎች ደግሞ እንደ ተጣጣፊ ሞተር ቱቦ በየበረራው የሚቆለመሙ አይደሉም። ስለዚህ ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ ተጣጣፊ ሞተር ባለው ግላይደር ላይ የነዳጅ ቱቦ ዕድሜ በባለቤቱ ፈቃድ የሚራዘም ሳይሆን በገደብነት የሚጻፍ መሆን አለበት። ዋጋው ከአንድ ማርሚታ ጥገና አይበልጥም። ቱቦው ሲቀየር ማጥበቂያው ፋሸታም አብሮ ይቀየር፤ የጠበቀ ፋሸታ ያረጀ ጎማ ላይ ቢላዋ ነው።

ሞተሩን በኤሌክትሪክ በመተካት እንገላገላለን የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔም የኤሌክትሪኩን ጸጥታ እወደዋለሁ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ፓራም በተባለ የአየር ማረፊያ፣ አፍንጫው ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመለት አንድ ግላይደር ሲያርፍ ባትሪው ተቃጠለ። አብራሪው ያለ ጉዳት ወጣ። ኢያሳ ወዲያውኑ አስቸኳይ መመሪያ አወጣ፤ የእንግሊዝ መርማሪዎችም በባትሪው ክፍል ውስጥ እሳት ሲነሳ አብራሪውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲገጠም መከሩ። ነገሩን ልብ በሉት፤ እዚያም አደጋው የደረሰው ጉዞው ወደማለቁ ሲቃረብ፣ ከአብራሪው ጀርባ፣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ነው። ማስጠንቀቂያው ለባትሪው ተገቢ ከሆነ ለቤንዚኑ ሳጥን ለምን አይገባም? ሙቀት ጠቋሚና መብራት ክብደታቸው ከቁጥር አይገባም። በአዲሶቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በመብረር ላይ ባሉትም ሁሉ ላይ እንዲገጠሙ መታዘዝ አለበት እላለሁ፤ ምክንያቱም እኔ ዘንድ ለጥገና ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ 30 ዓመት ያለፋቸው ናቸው።

መመሪያ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። አምራቹ ቴክኒካል ማስታወሻ ሊያወጣ፣ ባለሥልጣኑም ማስታወሻውን አስገዳጅ ሊያደርገው የሚችለው ችግሩ መኖሩን ሲሰማ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 376/2014 ለዚህ ነው የወጣው፤ ሊገለጹ የሚገባቸው ክስተቶች በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲነገሩ ያዝዛል፤ ከዚያ ያነሱትንም በፈቃደኝነት መናገር ይቻላል፤ በቅንነት የተናገረ ሰውም ከለላ አለው። እንደዚያም ሆኖ የእኛ ሙያ ሰው ያገኘውን ቱቦ ቀይሮ፣ አሮጌውን ቆሻሻ ውስጥ ጥሎ፣ ሥራውን ፈርሞ ይሄዳል። ለብዙ ዓመታት እኔም እንዲሁ አድርጌአለሁ፤ የጣልኳቸው ቱቦዎች ዛሬ ያሳዝኑኛል። እያንዳንዳቸው ለሌላ ወርክሾፕ መልእክት ነበሩ።

ያን ዓርብ ቱቦውን ቆርጬ ስንጥቁን ከሚሊ ሜትር ማስመሪያ ጋር ፎቶ አነሳሁት። ሪፖርቱን ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። መምህሩ ቅዳሜ አልበረሩም፤ አዲሱ ቱቦ ማክሰኞ መጣ፤ ረቡዕ ሞተሩን ሦስት ጊዜ አስነሥተን አወጣነው፣ አስገባነው፤ በየመሀሉም እጅጌውን እየሰበሰብን አየን። ፕሮግራማቸው ላይ «እንደ ሁኔታው» የሚለውን ሰርዘው «በየ5 ዓመቱ» ብለው ጻፉ።

ይህን የምታነቡ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ አገር በዚህ ሙያ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እጅጌውን ሰብስባችሁ እዩ። የታተመውን ዓመት አንብቡ። የማፍሰሻውን ቀዳዳ በሽቦ ፈትሹ። ያገኛችሁትን ደግሞ ጻፉና ላኩ።