በአንድ ቀን የተሞላ ቤት

ሂስ በመጽሐፍ፣ በሥዕልና በቴአትር ላይ ብቻ የሚቀርብ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ይሁን እንጂ የምንኖርበት ቤትና የምንለብሰው ልብስም የሰው ሥራ ናቸውና፣ መልካሙን ከክፉው ለይቶ መመርመር ይገባል። እንዲያውም ያልወደድነውን መጽሐፍ ዘግተን ልናስቀምጠው እንችላለን፤ ያልወደድነው ቤት ግን ማታ ማታ ተመልሰን የምንገባበት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሕፈት ወጣቶች ጎጆ ሲወጡ ቤታቸውን የሚያሰናዱበትንና ልብሳቸውን የሚገዙበትን ልማድ እመረምራለሁ።

ልማዱ እንዲህ ነው። ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ይስማማሉ፤ በየካ ወይም በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ይከራያሉ። ከሰርጉ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሶፋው፣ ቡፌው፣ ቁም ሣጥኑ፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉና ቴሌቪዥኑ በአንድነት ተገዝቶ ይገባል። የቆጠቡት ገንዘብ አይበቃምና ከመሥሪያ ቤት፣ ከዘመድና ከወዳጅ ብድር ይጨመርበታል። እንግዳ መጥቶ «ቤታችሁ ሙሉ ነው» እያለ ይመርቃል። በሦስተኛው ዓመት ግን ወለል በታጠበ ቁጥር ውሃ የነካው የቡፌው እግር አብጦ ይፈረፈራል፤ የቁም ሣጥኑ መዝጊያ ከማጠፊያው ይላቀቃል፤ የሶፋው ስፖንጅ ይሟሽሻል። ዕቃው ሁሉ ሲጎብጥ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዕዳው ብቻ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የዚህ ልማድ ነቀፋው ምንድን ነው? ቤትን ማሳመር አይደለም፤ ሰው ያማረ ነገር መውደዱ ከእንስሳ የሚለይበት አንዱ ጠባዩ ነውና። ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ መግዛትም አይደለም። ነቀፋው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዕቃው የሚመረጠው የቤቱ ባለቤት በሚያስፈልገው ነገር ሳይሆን እንግዳው በሚያየው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ዋጋውንና መልኩን የሚጠይቅ ሞልቶ ሳለ «ይህ ዕቃ ሲሰበር ይጠገናል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘላቂ ዕቃ ስንል የማይሰበር ዕቃ ማለታችን አይደለም፤ የማይሰበር ዕቃ በዓለም ላይ አልተሠራም። ዘላቂ ዕቃ ማለት ሲሰበር የሚጠገን፣ ከተጠገነም በኋላ እንደገና የሚያገለግል ዕቃ ማለት ነው።

ለዚህ አሳብ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከየካ በላይ ካለው የእንጦጦ ተራራ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የዳግማዊ ምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ምኒልክ በ1870ዎቹ መቀመጫቸውን በዚህ ተራራ ላይ አደረጉ፤ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው ንጉሠ ነገሥት የተባሉትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ይህን ቤት ሊጎበኙ የሚሄዱ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «የንጉሥ ቤት ይኸ ነው እንዴ?» ብለው ይደነቃሉ። መደነቃቸው አይፈረድበትም፤ ግድግዳው ተመርጎ ነጭ የተቀባ፣ ጣራው ሣር የለበሰ ቤት ነውና።

ይሁን እንጂ ልብ ብሎ ለተመለከተው የዚህ ቤት ታላቅነት እዚሁ ላይ ነው። ጭቃና ሣር ከቤት መሥሪያ ሁሉ ደካሞች ናቸው። ክረምት ሲመጣ ጭቃው ይሰነጠቃል፤ ሣሩ ይበሰብሳል። ነገር ግን የተሰነጠቀውን መልሶ መምረግ፣ የበሰበሰውን ሣር አውርዶ በአዲስ መክደን ይቻላል፤ ጭቃውና ሣሩም የሚገኙት ከአገሩ መሬት ነው። ቤቱ እየታደሰ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለልጅ ልጅ ይታያል። የሚጠግነው እጅ ባያገኝ ኖሮ በጥቂት ክረምት ውስጥ ፍርስራሽ በሆነ ነበር። እንግዲህ ያቆየው የዕቃው ጥንካሬ ሳይሆን የሰው ትጋት መሆኑን አንርሳ።

ጉድለት የለበትም አልልም። ተራራው ብርዳም ነው፤ ማገዶም እያጠረ ሄደ፤ ስለዚህም ከተማው በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረው ወደ ፍል ውሃ፣ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ምኒልክም ቢሆኑ የአዲስ ነገር ጠላት አልነበሩም፤ ስልክንም አውቶሞቢልንም ያስገቡ እርሳቸው ናቸው። ትምህርቱ «ወደ ሣር ቤት እንመለስ» የሚል አይደለም። ትምህርቱ፣ ስትገዛ የምትጠግንበትን መንገድ አብረህ አስብ የሚል ነው።

ተራራው ራሱ ደግሞ ስለ እንጨት የሚያስተምረን አለው። የጥንቱ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ባለቀ ጊዜ፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ተተከለ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ከተማውን ከማገዶ ችግር አድኖታል፤ ለምሰሶና ለማገርም የታወቀ ነው። ነገር ግን ሲደርቅ የመሰንጠቅና የመጣመም ጠባይ ስላለው፣ ጥሩ አናጢ ለጠረጴዛና ለወንበር ወንዛን ይመርጣል። የጅማ ሰዎች ባለ ሦስት እግር በርጩማቸውን ከአንድ ግንድ ፈልፍለው ሲያወጡት ሚስማር የለበትም፤ ስለዚህ የሚላቀቅ ነገር የለውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ወንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ይህም እነዚህ ዛፎች ምን ያህል እንደ ተመናመኑ ያሳያል። እንግዲህ በአያትህ ቤት የወንዛ ጠረጴዛ ተጥሎ ብታገኝ፣ ያረጀ ዕቃ ነው ብለህ አትናቀው። ገጹን በመላጊያ አስልገው፤ የላላውን መጋጠሚያ በኮላ አጥብቀው፤ ቫርኒሽ ቀባው። ለልጅህ ይተርፋል። ከእንጨት ፍቅፋቂና ከማጣበቂያ ተጨፍልቆ የተሠራው ችፑድ ግን አንድ ጊዜ ውሃ ከጠጣ መላጊያም አያድነው፤ ብሎኑ አንዴ ከተነቀለም በዚያው ቀዳዳ መልሶ አይጨብጥም።

ከተራራው በመንገዱ ስንወርድ ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን። ይህ ሰፈር ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የሚሠሩበትና ሸማ የሚሸጥበት ቦታ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን በአንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ልብስ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ይታያል፤ አንዱ ሸማኔ የሠራው፣ ሁለተኛው በፋብሪካ ጨርቅ ላይ የጥለት ሥዕል የታተመበት። ከሩቅ ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ። ወጣቱ አንባቢ እንዳይታለል የመለያውን ዘዴ ልንገረው።

ልብሱን ገልብጠህ ጀርባውን ተመልከት። ጥለቱ የተሸመነ ከሆነ ቀለም ያለው ክር በጀርባውም ሲመላለስ ታያለህ፤ የታተመ ከሆነ ግን ጀርባው የፈዘዘ ነው። ቀጥሎም ከጠርዙ አንዲት ክር ለምነህ በእሳት አስነካት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ እንደ ጠጠር ይጠጥራል። ከዚያም በኋላ ማጉ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር ብለህ ጠይቅ። ዛሬ ብዙው ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርጋል፤ ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ከሆነ ልብሱ ለገላ ይለሰልሳል፤ በታጠበም ቁጥር ይበልጥ ያምራል። አራት ድርብ የሆነ ጥሩ ጋቢ ለሌሊት ብርድ ልብስ፣ ለለቅሶ መከናነቢያ፣ ለሕፃን ማቀፊያ ይሆናል፤ ዳሩ ቢተለተል ይቋጠራል፤ ቢቀደድ ይጠቀማል፤ እጅግ ቢያረጅ እንኳ ተቆርጦ የልጅ መጠቅለያ ይሆናል። ለአንድ በዓል ብቻ ተለብሶ ከሚጣል አምስት ቀሚስ ይልቅ እንዲህ ያለው አንድ ጋቢ ርካሽ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሠሪው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በቀድሞ ጊዜ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪን «ጠይብ» እያሉ መስደብ የተለመደ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሁሉ እንዲተው አዋጅ አስነገሩ። ስድቡ ዛሬ በአፍ አይነገርም ይሆናል፤ ነገር ግን ሸማኔው ቀናት ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ከትቶ የሠራውን ልብስ፣ ማሽን በደቂቃ ካተመው ጨርቅ ጋር በአንድ ዋጋ ካልሸጥህልኝ ብሎ መከራከር ያው ስድብ በገንዘብ ሲነገር ነው። ሸማኔው ሙያውን ትቶ ልጁም ካልተማረው፣ ከእንግዲህ ገንዘብ ይዘን ብንመጣም የምንገዛው አናገኝም። ያን ጊዜ እናቶቻችን በየቀኑ የለበሱትን ልብስ በቤተ መዘክር መስተዋት ውስጥ ለማየት ቲኬት እንቆርጣለን።

ርካሽ ልብስ ዋጋውን የሚከፍልለት ሌላ ሰው አለ። በሚያዝያ ወር 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባለው ፎቅ ተደርምሶ ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ለውጭ አገር ገበያ ርካሽ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። በግድግዳው ላይ ስንጥቅ እየታየ ሥራው ግን አልቆመም ነበር። አንድ ሸሚዝ ከሚገባው በላይ ሲረክስ፣ ጉድለቱን ማን እንደ ሞላው መጠየቅ የማንኛውም አስተዋይ ሰው ግዴታ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያነብ ወጣት «ለባለጠጋ ይመቻል፤ ድኻው ግን ምን ያድርግ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በእንግሊዝ አገር ዊልያም ሞሪስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1861 ከባልንጀሮቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ፣ የፋብሪካን ኩረጃ በመቃወም በእጅ የተሠራ ያማረ የቤት ዕቃ ያወጣ ነበር፤ ነገር ግን ያን ዕቃ ለመግዛት የቻሉት በአብዛኛው ባለጠጎች ሆኑ። ውበትን ለሁሉ ለማዳረስ የተነሣ ሥራ ለጥቂቶች ብቻ መድረሱ እስከ ዛሬ የሚነሣ ነቀፋ ነው።

የእኔ መልስ ግን ይህ ነው። ትዕግሥት ለድኻ ከባለጠጋ ይልቅ ያስፈልገዋል፤ ባለጠጋ ሁለት ጊዜ ሊገዛ ይችላል፤ ድኻ ግን አይችልም። ለትዕግሥትም የሚረዳ ሥርዓት አገራችን አላት፤ እርሱም እቁብ ነው። እቁብ ሲወጣ አንድ ደኅና ዕቃ፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሌላ መግዛት ይቻላል። ደግሞም ዘላቂ ሁሉ አዲስ አይደለም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ በሳልቫጅ ክምር ውስጥም አንዳንድ ጊዜ ከአዲሱ የሚበልጥ የሱፍ ካፖርት ይገኛል። የሚጎድለን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የማየት ችሎታም ነው።

ሂስ ግን ለአንድ ወገን ካደላ ሂስ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ በተቃራኒው ወገን ያሉትንም እነቅፋለሁ። ጥሩ ዕቃ ገዝተው የማይጠቀሙበት ሰዎች አሉ። ብርጭቆው በቡፌ ውስጥ ተቆልፎ ቤተ ሰቡ በተሸረፈ ኩባያ ይጠጣል፤ ሶፋው በላስቲክ ተሸፍኖ ልጆቹ መሬት ይቀመጣሉ፤ የሐር ካባው በሣጥን ተዘግቶ ብል ይበላዋል። ይህ ቁጠባ አይደለም፤ ለዕቃ መገዛት ነው። ዕቃ ሰውን ሊያገለግል ተሠራ እንጂ ሰው ዕቃን ሊጠብቅ አልተፈጠረም። ጥሩ ዕቃ በአገልግሎት ያረጃል፤ በአገልግሎት ያረጀ ዕቃም ክብሩ አይቀነስም።

እንግዲህ ጎጆ ለምትወጡ ወጣቶች ምክሬ አጭር ነው። በመጀመሪያ የምትተኙበትን፣ የምታበስሉበትንና የምትበሉበትን አሰናዱ፤ ደኅና አልጋና ፍራሽ፣ ጥሩ ምጣድና ድስት፣ አንድ ጠንካራ ጠረጴዛ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። የእንግዳ መቀመጫ ቢጎድል በርጩማ ይበቃል፤ ወዳጅ የሆነ ሰው በርጩማ አይንቅም። ከልብስም በቁጥር ጥቂት፣ በስፌቱ ጥብቅ የሆነውን ምረጡ። ጫማ ስትገዙ ሶሉ ሊቀየር የሚችለውን፣ ኮት ስትገዙ ሊሰፋና ሊጠብ የሚችል ትርፍ ጨርቅ በስፌቱ ውስጥ ያለውን ተመልከቱ። መርፌና ክር መያዝ ለሴት ብቻ የተሰጠ ሙያ አይደለም፤ ቁልፉን መትከል የማይችል ወንድ ገና ልብሱን አልገዛም።

ከሁሉ በላይ ባዶ ጥግ አያሳፍራችሁ። በቤታችሁ ውስጥ ያለ ባዶ ጥግ ገና የምትሠሩት፣ ገና የምታስቡት ነገር መኖሩን ያመለክታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው፣ በዓመት አንድ ደኅና ዕቃ ቢገባበት በሃያ ዓመት ውስጥ የእያንዳንዱ ዕቃ ታሪክ የታወቀ፣ ዕዳ የሌለበት ቤት ይሆናል። በአንድ ቀን የተሞላ ቤት የነጋዴውን ምርጫ ያሳያል፤ በዕድሜ የተሞላ ቤት ግን የባለቤቱን ልብ ያሳያል።