ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ፤ በመጽሐፍና በሲኒማ

የስኮትላንድ ተወላጅ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1886 ዓ.ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሎንዶን ያሳተመው አጭርና አስፈሪ ልብ ወለድ ታሪክ፣ ስሙን ሁሉ የሚያውቀው፣ ቃሉን ግን ጥቂት ሰው ያነበበው መጽሐፍ ነው። ብዙዎች ታሪኩን እናውቀዋለን የሚሉት ሲኒማውን ስላዩ ነው።

መጽሐፉ ዐሥር ምዕራፍ ብቻ ነው። የሚጀምረው አተርሰን በሚባል ጠበቃ ጭንቀት ነው፤ ወዳጁ ሐኪሙ ጄኪል ቢሞት ወይም ቢጠፋ ሀብቱ ሁሉ ሃይድ ለሚባል ለማይታወቅ ሰው እንዲሰጥ ተናዟልና። ይህ ሃይድ ሕፃን ልጅ በመንገድ ረግጦ ያለፈ፣ በኋላም ሰር ዳንቨርስ ካሩ የሚባሉትን ሽማግሌ በዱላ ቀጥቅጦ የገደለ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ተሰውሮ ይቆያል። ቅኔ የቆጠረ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል፤ ሰሙ ሳይቀልጥ ወርቁ አይታይም። ፍጻሜውም የጄኪል የኑዛዜ ጽሑፍ ነው። ውርስን መናዘዝና ኃጢአትን መናዘዝ በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል ስለ ሆኑ፣ መጽሐፉ በኑዛዜ ተጀምሮ በኑዛዜ ያልቃል፤ ይህ ኅብር ደራሲው ሳያስበው ለእኛ የተረፈ ነው።

ታዲያ ይህ ኑዛዜ እንዴት ያለ ነው? መድኃኒቱ በራሱ ክፉም ደግም እንዳልነበረ፣ በበጎ አሳብ ቢጠጣው ኖሮ መልአክ ሆኖ ሊወጣ ይችል እንደ ነበረ ጄኪል ራሱ ይመሰክራል። ሃይድ በቁመት ያነሰውም፣ እርሱ በዕድሜው ይበልጥ የሠራበት በበጎነቱ እንጂ በክፋቱ ስላልነበረ ነው ይላል። ይህን ሁሉ በማስተዋል ከጻፈ በኋላ ግን የሃይድን ሥራ ለመናገር ሲደርስ «እኔ» ማለት ተሳነውና «እርሱ» አለ። ከግድያው ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው። የንስሐ አባት የሆነ ሁሉ ይህን ንግግር ሰምቶት ያውቃል።

የቴያትርና የሲኒማ ሰዎች ግን ይህን ማመካኛ እንደ እውነት ተቀበሉለት። ቶማስ ራስል ሱሊቫን በ1887 በቦስተን ለተዋናዩ ለሪቻርድ ማንስፊልድ በጻፈው ቴያትር፣ በመጽሐፉ የሌለች እጮኛ ለጄኪል ተሰጠችው፤ የተገደሉት ሽማግሌም አባቷ ሆኑ። የ1920፣ የ1931ና የ1941 ሲኒማዎች እጮኛይቱን ሳይተዉ ሁለተኛ ሴት ጨመሩ፤ አንዲቱ ለደጉ፣ አንዲቱ ለክፉው። ምስጢሩም ገና ሳይደበቅ ተገለጠ።

በጥበብ የሚበልጠው የሩበን ማሙልያን የ1931 ሥራ ነው። በካሜራው ፊት ባለ ቀለም መስተዋት እየተለዋወጠ የፍሬድሪክ ማርች መልክ በዓይናችን ፊት ሲለወጥ ያስደንቃል፤ ማርችም የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ያ ፊት የዝንጀሮ ፊት ነው። መጽሐፉም ሃይድን አንዳንድ ጊዜ በዝንጀሮ ቢመስለው፣ ያዩት ሁሉ ጉድለቱ ይህ ነው ብለው ማመልከት አልቻሉም፤ ሰው ነበረና። አውሬ ከሆነ ግን ጄኪል «እርሱ» ማለቱ ልክ ሆነ። በ1941 ስፔንሰር ትሬሲ ፊቱን ብዙ ስላልቀባ በዚህ በኩል ወደ መጽሐፉ ይቀርባል።

በፍጻሜው ግን ሦስቱም ይተባበራሉ፤ ሃይድ ሲሞት መልኩ ወደ ጄኪል ይመለሳል። በመጽሐፉ ጠበቃውና አሽከሩ ፑል በሩን በመጥረቢያ ሰብረው ሲገቡ ያገኙት፣ በሐኪሙ ሰፊ ልብስ ውስጥ የወደቀውን ሃይድን ነው። ጄኪልን በቤቱ ሁሉ ፈለጉት፤ አላገኙትም።